ለኦክስጅን ማሽንና ለኮምፒዩተር የማያሰጋ የቤት ጄኔሬተር፦ ደሴ ላይ የትኛው ያዋጣል?

የሆጤ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ላለ መኖሪያ ቤት፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ጄኔሬተር ልንገዛ ነው። ቤት ውስጥ ያሉት ዕቃዎች፦ ለእናቴ በሐኪም የታዘዘ ባለ 5 ሊትር የኦክስጅን ማሽን (ጀርባው ላይ 350 ዋት ይላል)፣ አንድ ዴስክቶፕ፣ ራውተር፣ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና አምፖሎች። የእንጀራ ምጣድና የሻወር ማሞቂያ በጄኔሬተር አናስነሳም፤ እሱ ላይ ቤተሰቡ ተስማምቷል።

አንዱ ሻጭ «3 ኪሎዋት ኤቪአር ያለው ውሰዱ፤ ቮልቴጁን ራሱ ያስተካክላል፣ ምንም ዕቃ አይነካም» ይላል። ሌላው «ኢንቨርተር ካልሆነ ኮምፒዩተሩን ተሰናበቱት» ይላል፤ ዋጋው ግን በጣም ይለያያል። ርካሹን ገዝተን ስታቢላይዘር ብንጨምርበት አይበቃም? ሥራውን የምታውቁት ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱን።

ፌዝና_ኒውትራል

እህቴ አብሽሪ። መጀመሪያው ሻጭ አልዋሸም፤ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። ኤቪአር የሚጠብቀው ቮልቴጅን ነው። ኤሌክትሮኒክስ ግን በሦስት መንገድ ይጎዳል፦ ቮልቴጁ ሲዋዥቅ፣ ፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካው) ሲዋዥቅና የሞገዱ ቅርጽ ሲበላሽ።

ፍሪኩዌንሲ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የታሰረ ነው። ተራ የቤንዚን ጄኔሬተር 50 ኸርዝ የሚሰጠው በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ብቻ ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ሞተሩ ተጭኖት 2850 ላይ ቢወርድ 47.5 ኸርዝ ሆነ ማለት ነው። ፍሪጁ ሲያርፍ ደግሞ ሞተሩ ሸክሙ በድንገት ስለሚቀልለት ይፈተለካል፣ ኸርዙም 53 እና 54 ይደርሳል፤ ኤቪአሩ ደርሶ እስኪይዘው ድረስ ቮልቴጁ ለአፍታ ከ250 በላይ ሊዘል ይችላል። ብዙ ሰው ዕቃ የሚቃጠለው ጭነት ሲበዛ ይመስለዋል። የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይንና የቴሌቪዥን ቦርድን አብዝቶ የሚመታው ግን ከባድ ጭነት በድንገት ሲወርድ የሚመጣው ዝላይ ነው።

ሞገዱ ላይ ስንመጣ፣ የመብራት መስመር የሚሰጠው ልስልስ ያለ ሳይን ሞገድ ነው። የርካሽ ጄኔሬተር ሞገድ ጫፉ የተቆረጠ፣ ጎኑ ጥርስ ያወጣ ነው። የመዛባቱ መጠን በመቶኛ ይለካል፤ ወረቀቱ ላይ ቲኤችዲ ተብሎ ይጻፋል። ደህና ኢንቨርተር ጄኔሬተር ከ3 በመቶ በታች ነው። ርካሹ ኤቪአር ከ10 በመቶ ያልፋል፣ ሲጫን ከ20 የሚያልፍም አለ። የተዛባ ሞገድ ሞተርና ትራንስፎርመር ያለበትን ዕቃ ያለ ሥራ ያሞቀዋል። የኦክስጅን ማሽን ደግሞ ሁለቱንም አቅፎ የያዘ ነው፤ ከታች ኮምፕሬሰር፣ ከላይ ቦርድ። የኮምፕሬሰሩ ፍጥነት ኸርዝን የሚከተል ከሆነ 47 ላይ ይዘገያል፣ የሚወጣው ኦክስጅን ንጽሕናው ይወርዳል፣ ማሽኑም ይጮሃል።

ኢንቨርተር ጄኔሬተር ይህን ሁሉ የሚያልፈው ሞተሩንና ሶኬቱን ስለሚለያያቸው ነው። ሞተሩ ያመነጨው መጀመሪያ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ይለወጣል፤ ከዚያ ኤሌክትሮኒክሱ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ አድርጎ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ሞተሩ ፈጠነም ዘገየም ኸርዙ አይነቃነቅም።

የኦክስጅን ማሽን ያለበት ቤት ውስጥ ምርጫው ኢንቨርተር ነው። በዚህ አልደራደርም።

ፌዝና_ኒውትራል

ስታቢላይዘሩን ረስቼው፦ ጭራሽ አትጨምሪው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚበራና በሚጠፋ ማብሪያ) የሚሠራ፣ «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ጄኔሬተሩ 185 ቮልት ላይ ወረደ እንበል። ስታቢላይዘሩ በ20 በመቶ ከፍ ያደርገውና 222 ይሰጣል። በዚያው ቅጽበት ኤቪአሩ ነቅቶ ጄኔሬተሩን ወደ 225 ይመልሰዋል፤ ሪሌው ግን ገና አልተመለሰምና ዕቃሽ ላይ 270 ቮልት ያርፋል። ሁለቱ አስተካካዮች እርስ በርስ ይሳደዳሉ። ኸርዙንና ሞገዱን ደግሞ ስታቢላይዘር አይነካቸውም፤ እንደገቡ ይወጣሉ።

ቦርከና

በተባለው እስማማለሁ። ግን ደሴ ላይ የሚገዛ ሰው ከዓይነቱ እኩል ሊያስብበት የሚገባው ከፍታውን ነው፤ ሻጭ ይህን አያነሳም።

ጎኑ ላይ የተጻፈው ዋት በባሕር ጠለል አካባቢ የሚገኝ ጉልበት ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ወደ 3.5 በመቶ ጉልበት ይጠፋል። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ወደ 2500። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ 22 በመቶ፣ ደሴ ላይ 29 በመቶ ያህል ከተጻፈው ላይ ቀንሱ። ያው ማሽን ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ከ7 በመቶ በላይ ጉልበት ይጥላል ማለት ነው።

የእህታችንን ቤት እንደምር። የኦክስጅን ማሽን 350፣ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 200፣ ቴሌቪዥን 80፣ ራውተር 15፣ ኤልኢዲ አምፖሎች 60። ይህ 705 ዋት ነው። ፍሪጁ ሲሠራ 150 ያህል ይበላል፤ ሲነሳ ግን ለአንድ ሁለት ሰከንድ 900 ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ ዘወትር 855፣ ፍሪጁ በሚነሳባት ቅጽበት 1605 ዋት።

ባለ 2000 ዋት ኢንቨርተር ለአፍታ 2200 ይሸከማል ተብሎ ይሸጣል። ኮምቦልቻ ላይ 2200ው 1716 ይሆናል፤ ጠበብ ቢልም ያልፋል። ደሴ ላይ 1562 ነው፤ ፍሪጁ በተነሳ ቁጥር ቀዩ መብራት ይበራና ኃይሉን ይቆርጣል። ያን ጊዜ ሞተሩ እየሠራ ሶኬቱ ግን ባዶ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ የሚቋረጠው ኦክስጅን ስለሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ደሴ ላይ ባለ 3000 ዋት፣ ለአፍታ 3300 የሚሸከም ውሰጂ። ከፍታው ከተቀነሰ በኋላ 2130 እና 2340 ያህል ይተርፍሻል። ዘወትር የምትጭኚው 40 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ሞተሩም ሳይጨነቅ ይሠራል፣ ቤንዚን አበላሉም ይረጋጋል፤ በሰዓት 1 ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ብለሽ ያዢ።

የሆጤ_ልጅ

አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፍሪጁን ብንተወውስ? በ2000ው መሄድ ይቻላል ወይ? ገንዘቡ እንዲያ ነው የሚፈቅደው።

ቦርከና

ይቻላል። 705 ዋት ለ2000ው ደሴ ላይም ቀላል ነው። ፍሪጁን ለብቻው፣ ቴሌቪዥንና ዴስክቶፕ ጠፍተው ሳለ አስነሺው፤ 350 እና 900 ተደምሮ 1250 ነው፣ ይችለዋል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጁ ራሱ ኢንቨርተር ኮምፕሬሰር ያለው ከሆነ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ የ900ው ጣጣ የለም፤ በሩ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እዪ።

አንድ ነገር፦ ኢኮ የሚለውን ማብሪያ ፍሪጅ ሲነሳ አጥፊው። ኢኮ ላይ ሞተሩ ዘገም ብሎ ይቆያል፤ ድንገት ሲጫን ፍጥነት እስኪያነሳ ድረስ ኢንቨርተሩ ኃይል ያጥረዋል። ፍሪጁ ከተነሳ በኋላ መልሰሽ ማብራት ትችያለሽ።

ቴስተር_በእጄ

«ኢንቨርተር» የሚል ስቲከር የተለጠፈበት ሁሉ ኢንቨርተር አይደለም። ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ ስትገዙ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስነስታችሁ ሳትፈትሹ ብር አትቁጠሩ። የሚያስፈልገው ኸርዝ የሚለካ መልቲሜትር (ቴስተር) እና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምንም ሳይሰካ አስነሱት፣ አምስት ደቂቃ ይሙቅ። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሶኬቱን ለኩ፣ ከዚያ ኸርዝ ላይ አዙሩት። አሁን ኢኮውን አብሩ። የእውነት ኢንቨርተር ከሆነ የሞተሩ ድምፅ በግልጽ ይወርዳል፣ ቴስተሩ ላይ ግን 50.0 ንቅንቅ አይልም። ድምፁ ሲወርድ ኸርዙም አብሮ ከወረደ፣ ወይም ኢኮ ሲነካ ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ስቲከሩ ብቻ ነው ኢንቨርተር የሆነው።

ቀጥሎ ምድጃውን በአንድ ጊዜ ሰኩት። ምድጃው ከ1000 እስከ 1500 ዋት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ2000ው ማሽን 1000ውን፣ ለ3000ው 1500ውን ተጠቀሙ። ቮልቴጁ ከ210 በታች መውረድ የለበትም። አሁን ንቀሉት፤ ዋናው ፈተና ይሄኛው ነው። በመንቀያው ቅጽበት ከ240 በላይ የሚዘል ከሆነ ተዉት። ቴስተራችሁ ከፍተኛውን ንባብ የሚይዝ ቁልፍ ካለው እሱን ተጭናችሁ ንቀሉ፤ ዓይን የማይደርስበትን ዝላይ እሱ በተሻለ ይይዛል።

ኤቪአር ያለው ተራ ጄኔሬተር የምትፈትሹ ከሆነ ቁጥሩ ይለያል፦ ባዶውን 52 ኸርዝ አካባቢ፣ ግማሽ ሲጫን 50 እና 51 መካከል፣ ሙሉ ሲጫን ከ48.5 በታች ካልወረደ ገቨርነሩ (የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀው ክፍል) ደህና ነው። አምፖል አብሩበትና ብርሃኑን እዩ፤ እየተነፈሰ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ሞተሩ ፍጥነት አይዝም፤ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ቆሽሿል ወይም የገቨርነሩ ስፕሪንግ ተበላሽቷል።

ክብደትም ይናገራል። ባለ 2 ኪሎዋት ኢንቨርተር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው። ተራ ባለ 3 ኪሎዋት ከ40 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የጎን ጽሑፉን ስታነቡ «230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ» መሆኑን አረጋግጡ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን በርካሽ ቢቀርብም አትንኩት። ቮልቱን በትራንስፎርመር ብታነሱት እንኳ 60ው 50 አይሆንላችሁም።

በርበሬ_ወንዝ

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። እጄ ላይ ያለው ባለ 5 ኪሎዋት ኤቪአር ነው፣ መቀየር አልችልም። ለኮምፒዩተሮቹ ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ከውስጡ ባትሪ የሚሰጥ) አለ፤ ጄኔሬተሩ እየሠራ ዩፒኤሱ አሁንም አሁንም እየጮኸ ወደ ባትሪ ይሄዳል። የቱ ነው የተበላሸው?

ፌዝና_ኒውትራል

ወንድሜ፣ ምናልባት ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አልተጣጣሙም እንጂ። ያንተ ዩፒኤስ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው ዓይነት ይመስለኛል። እሱ የሚገባውን መብራት እየመዘነ ከመደበኛው ወጣ ሲልበት «ይህ መብራት አይደለም» ብሎ ባትሪ ላይ ይዘላል። ቀኑን ሙሉ ሲዘልና ሲመለስ ባትሪው መሙላት አይችልም፣ በወራት ውስጥ ይሞታል።

በቅደም ተከተል ይህን አድርግ። በመጀመሪያ ዩፒኤሱ ላይ ሴንሲቲቪቲ የሚባል ማስተካከያ ካለ ዝቅተኛው ላይ አድርገው፤ አንዳንዱ ላይ በቁልፍ፣ አንዳንዱ ላይ ከኮምፒዩተር በሶፍትዌር ነው። ከዚያ መካኒክ ገቨርነሩን ያስተካክል፤ በጆሮ ሳይሆን ኸርዝ መለኪያ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ፣ ባዶውን 51.5 እስከ 52 ላይ። ጄኔሬተሩ 5 ኪሎ ሆኖ ጭነቱ 300 ዋት ከሆነ ደግሞ ባዶውን እንደሚዞር ቁጠረው፤ ሁለት ሦስት መቶ ዋት የማይጠፋ ጭነት፣ ለምሳሌ ክር ያላቸው የድሮ አምፖሎች፣ ሲጨመርበት ይረጋጋል።

ይህ ሁሉ ካልያዘ መፍትሔው ኦንላይን ዩፒኤስ ነው። እሱ የገባውን ሁሉ ወደ ዲሲ አድርጎ እንደገና ይሠራዋል፤ ብዙዎቹ ከ40 እስከ 70 ኸርዝ ድረስ ይቀበላሉ። ተራ ጄኔሬተርን ለኤሌክትሮኒክስ የሚያበቃው ይሄ ነው። የጄኔሬተሩ አቅም፣ ከፍታው ከተቀነሰ በኋላም፣ ከዩፒኤሱ ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰካ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብቻውን ይጥለዋል።

24_ቮልት

ለእናትየው ስል ሌላ መንገድ ላክል። ጄኔሬተር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ተነስቶ ሞቆ ኃይል እስኪሰጥ ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ሰው ነቅቶ መውጣት አለበት። የኦክስጅን ማሽኑን ባትሪ ላይ አድርጉና ጄኔሬተሩ ባትሪ የሚሞላ ይሁን።

ስሌቱ፦ 24 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በመንገድ የሚባክነውና እስከ ታች የማይራገፈው ተቀንሶ 2 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥራችሁ ያዙ። 350 ዋቱ ማሽንና 15 ዋቱ ራውተር አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳሉ። በተለምዶው አሲድ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም የሚቻለው፤ ለተመሳሳይ ሰዓት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር ሰዓት ሁለት በተከታታይ ታስራላችሁ። ከግማሽ በታች እየወረደ ከተመላለሰ ቶሎ ይሞታል።

የባትሪውን ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ኢንቨርተር የግድ ፒዩር ሳይን (እንደ መብራት መስመር ልስልስ ሞገድ የሚሰጥ) ይሁን። «ሞዲፋይድ» የሚባለው ርካሹ ኮምፕሬሰር ያሞቃል፣ ያንጫጫል፤ ለኦክስጅን ማሽን አይሆንም።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። ሶላር ቤቶች የሚሸጡት ሃይብሪድ ኢንቨርተር፣ ጄኔሬተር ሲገባለት፣ አብዛኛው ዓይነት የጄኔሬተሩን ሞገድ እንዳለ ለዕቃው ያሳልፋል፤ ባትሪውን እየሞላ ማለት ነው። ያጣራዋል ብላችሁ ያመናችሁት ምንም አላጣራም። ጄኔሬተራችሁ ተራ ኤቪአር ከሆነ ለባትሪው የተለየ ቻርጀር ግዙ፤ ጄኔሬተሩ ቻርጀሩን ብቻ ያንቀሳቅስ፣ ዕቃዎቹ ከባትሪው ይጠጡ። ያን ጊዜ የጄኔሬተሩ መበላሸትም መዋዠቅም እናትየዋ ጋ አይደርስም። ቻርጀሩን 24 ቮልት ላይ 30 አምፒር ብታደርጉት ከጄኔሬተሩ 950 ዋት ገደማ ይስባል፤ የሊቲየሙን ባትሪ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሞላዋል። አሲድ ባትሪ ግን መጨረሻው ላይ ስለሚዘገይ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

የኦክስጅን ሲሊንደር ከነሬጉሌተሩ ተሞልቶ አልጋው አጠገብ ይኑር። ባትሪም ጄኔሬተርም እሱን አይተኩም። በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚከፈትና ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ ሐኪሟን ጠይቃችሁ ሲሊንደሩ ላይ ጻፉት።

ፌዝና_ኒውትራል

24_ቮልት ያለው ልክ ነው፤ ገንዘብ ካለ ሁለቱንም፣ ከሌለ መጀመሪያ ባትሪውን።

ካንዴላ

ደሴ ላይ አዲስ ጄኔሬተር ገዝታችሁ ጥቁር ጭስ ካወጣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ሲፈታ ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ታገኙታላችሁ፤ ለማስነሳት ያስቸግራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ኃይል የለውም። ከ1500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ማሽን ብዙ አምራቾች ሜን ጄት የሚባለውን የነዳጅ ቀዳዳ በጠበብ ባለ እንዲቀየር ያዛሉ። ዕቃው ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፣ ካርቡሬተሩ ሥር ትገባለች፤ ስትገዙ ለሞዴሉ የተሠራ የከፍታ ጄት እንዳለ ጠይቁ። ቀዳዳውን በሽቦ ወይም በቆርኪ አታጥብቡ። የተቀየረለት ማሽን ደግሞ ወደ ባቲ ወይም ወደ አፋር ከወረደ ጄቱ ወደ ድሮው ይመለስ፤ በጠባቡ ከሠራ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ይግላል፣ ፒስተኑን ይበላዋል። ጄቱ ቢቀየርም የጠፋው 29 በመቶ አይመለስም፤ ጭሱና አበላሉ ነው የሚስተካከለው።

ዘይት 10ደብሊው-30። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ ይቀየር፤ አዲስ ሞተር ብረት ስለሚያራግፍ እሱን አትዝለሉ። ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ። ትናንሾቹ የሚይዙት ግማሽ ሊትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ሲጎድል ብዙ ነው፤ ባስነሳችሁ ቁጥር ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) እዩ። የካንዴላው ክፍተት 0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር። ለወር የማትጠቀሙበት ከሆነ ከካርቡሬተሩ ቤንዚኑን አፍስሱ፤ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይሆንና ጄቱን ይደፍነዋል፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበረታ እዚያ ፈጠን ይላል።

ናፍጣ ለምን አይሆንም ለምትሉ፦ ለዚህ ቤት ጭነት ባለ 5 እና 7 ኪሎዋት ናፍጣ ይበዛል። ናፍጣ ሞተር ከ30 በመቶ በታች እየተጫነ ሲውል ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በጥላሸትና በዘይት ይሞላል።

መስመር_ላይ

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ከኮምፒዩተር በላይ ነው። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠርቶ ከጄኔሬተሩ ወደ ግድግዳ ሶኬት መሰካት የሰው ነፍስ ማጥፋት ነው። የቤቱ 220 ቮልት ወደ መስመሩ ይወጣል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር በግልባጭ ሠርቶ ወደ 15 ሺህ ቮልት ያነሳዋል፤ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ እዚያው ይቀራል። «ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ነው» ማለት አያድንም፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ይረሳዋል።

መብራትና ጄኔሬተር ፈጽሞ የማይገናኙበት ባለ ሦስት ቦታ ቼንጅ ኦቨር ይገጠም፦ 1 መብራት፣ 0 ባዶ፣ 2 ጄኔሬተር። አንድ ፌዝ ለሚገባበት ቤት ባለ ሁለት ፖል፣ ፌዝንም (ኃይል ያለበትን ሽቦ) ኒውትራልንም (መመለሻውን) የሚቆርጥ። ቆጣሪው ሦስት ፌዝ ከሆነ ባለ አራት ፖል። 40 ወይም 63 አምፒር ለመኖሪያ ቤት በቂ ነው። ምጣድና ማሞቂያ ከቼንጅ ኦቨሩ በፊት፣ በመብራቱ በኩል፣ በሌላ ብሬከር ይለዩ፤ ሰው ሳያስብ እንዳያበራቸው።

ኒውትራልን በሁለት ፖል ስትቆርጡ ደግሞ የጄኔሬተሩ ኒውትራል ከመሬት ጋር ያልተገናኘ ይሆናል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው) ሰው ቢያዝ እንኳ ላይዘል ይችላል፣ አንዳንድ ዩፒኤስም የሽቦ ችግር አለ ብሎ ይጮሃል። የጄኔሬተሩን ኒውትራል ከኧርዝ ጋር በአንድ ቦታ ብቻ ማገናኘትና 1.5 ሜትር ዘንግ መቅበር የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። የኢንቨርተር ጄኔሬተር ማኑዋል ይህን ይፈቅድ እንደሆነ ቀድሞ ይነበብ።

የሆጤ_ልጅ

ቤቱ ግቢው ጠባብ ነው። በረንዳው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል? ክረምት ዝናቡ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ብርዱ አለ።

መስመር_ላይ

በረንዳ ላይ አይሆንም። ማድ ቤትም፣ በሩ የተከፈተ ክፍልም አይሆንም። የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ደሴ ላይ በብርድ ወቅት መስኮት ሁሉ ይዘጋል፤ በረንዳ ላይ የሚሠራ ማሽን ጭስ በበሩ ሥር ገብቶ እዚያው ይጠራቀማል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ ከመጣ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ። የሳንባ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይህን ከሁሉም አብልጦ መፍራት አለበት።

ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ማርሚታው ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር፤ የጎረቤት መስኮትም እንደዚያው ይታሰብ። ለዝናቡ አራት ምሰሶ ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ ግድግዳ የሌለው፣ ከማሽኑ በላይ አንድ ሜትር ክፍት። ከመሬት በብሎኬት ከፍ ይበል። ገመዱ 20 ሜትር ድረስ ከሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር መዳብ ይበቃል፤ 3 ኪሎዋት ሙሉ ቢጫን የሚወርደው 5 ቮልት ገደማ ነው። መኝታ ክፍል ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ስቀሉ። ቤንዚን የኦክስጅን ሲሊንደር ባለበት ክፍል አይግባ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ሳይቀዘቅዝም አትሙሉ።

የሆጤ_ልጅ

መጨረሻ ጥያቄ። ሲነሳና መብራት ሲመለስ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ልለጥፈው ነው።

ፌዝና_ኒውትራል

እንዲህ ብለሽ ጻፊው። መብራት ሲጠፋ፦ እናት ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ ባትሪ ይዛወሩ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ዴስክቶፕ ከሶኬት ይነቀሉ። ዘይትና ቤንዚን ይታይ። ጄኔሬተሩ ምንም ሳይጫንበት ይነሳ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይሙቅ። ቼንጅ ኦቨሩ ከ1 ወደ 0፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ 2። ኢኮው ጠፍቶ መጀመሪያ ፍሪጁ ይሰካ፤ ድምፁ ሲረጋጋ የኦክስጅን ማሽኑ፣ ከዚያ ሌላው። ፍሪጁ መጀመሪያ የሚገባው የሚፈጥረው መውደቅ ሌሎቹን እንዳያገኛቸው ነው። በ2000ው ማሽን ከሆነ ዴስክቶፑና ቴሌቪዥኑ ፍሪጁ ሲነቀል ብቻ ይሰኩ።

መብራት ሲመለስ ወዲያው አታዙሪ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ቮልቴጁ ይዘልላል፣ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ይጠፋል። አምስት ደቂቃ ጠብቂ። እናት ወደ ሲሊንደር ይዛወሩ፣ ዕቃዎቹን ንቀይ፣ ቼንጅ ኦቨሩን 0 ላይ አድርጊ፣ ከዚያ 1። ፍሪጁ ከተነቀለ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሰሽ አትሰኪው። ጄኔሬተሩ ባዶውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዙርና ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ የቤንዚን ቧንቧውን ዝጊና ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ በራሱ ይጥፋ። ቤንዚን ጨርሶ መጥፋት የሚፈቀደው ግን ምንም ዕቃ ሳይሰካበት ብቻ ነው፤ ተጭኖ ሳለ ሲያልቅበት እየተንገዳገደ ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ታንኩ ሩብ ላይ ሲደርስ ጭነቱን አንስተሽ፣ አጥፍተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ሙዪ።